ቅልጥማችሁን ለሚያማችሁ ሯጮችና በእግር ተጓዦች፦ ሺን ስፕሊንትን እንዴት ማስታገስና እንዳይመለስ ማድረግ ይቻላል

ጥቅምት ሲገባ ሰፈራችን ሌላ ነው ሚመስለው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ወደ ኮዬ ፈጬ በኩል ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብትወጡ ሰዉ በቡድን በቡድን ሆኖ ዱብ ዱብ ሲል ታያላችሁ፣ ምክንያቱም ታላቁ ሩጫ ህዳር ላይ ነው እና ቲሸርት የገዛ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ 10 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይፈልጋል። ሁለት ሶስት ሳምንት ቆይታችሁ ብትወጡ ግን ግማሹ የለም። ከጠፉት ውስጥ አንዳንዱን እንቅልፍ አሸንፎታል፣ ሌላውን ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝታችሁ ምነው ጠፋህ ብትሉት "ኧረ ቅልጥሜን አሞኝ" ነው ሚላችሁ።

እኔም እንደዛ ነበርኩ። የጀመርኩ ሰሞን ከቢሮ ሰው ጋር ተወራርጄ በየቀኑ አምስት ኪሎ መሮጥ ጀመርኩ፣ አስረኛው ቀን አካባቢ የግራ እግሬ ቅልጥም በውስጠኛው ጎኑ ደረጃ ስወርድ ራሱ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። እናቴ "ብርድ ነው ልጄ፣ በውድቅት ምን ያስወጣሃል" አለች። ጎረቤት ደሞ ወጌሻ ጋር ወሰደኝና አባባ ቅቤ ቀብተው አጥንቱን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ሲያሹት የቆርቆሮውን ቦይ አንድ በአንድ ቆጠርኩት፣ በማግስቱ እግሬ አብጦ መርገጥ አቃተኝ። ከዛ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ እግሬን ሳይነኩት ቁርጥማት ነው ብለው መርፌ ወግተው ሸኙኝ። በመጨረሻ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ጋር ስደርስ መጀመሪያ ያለኝ ነገር "ከዚ በፊት በሳምንት ስንት ኪሎ ነበር ምትሮጠው?" ነው። ምንም አልኩት። "በቃ እሱ ነው" አለኝ። ሶስት ወር የፈጀብኝ ነገር መልሱ እዛች ጥያቄ ውስጥ ነበር።

ሀኪም አይደለሁም። ከዛ በኋላ ግን አንብቤያለሁ፣ ጠይቄያለሁ፣ በራሴ እግርም ሞክሬዋለሁ፣ እና እዚ ሰፈር ያለ ሰው ባለው ነገር ሊሰራው በሚችለው መልኩ ልጻፈው።

ነገርየው (ሺን ስፕሊንት ሚሉት) ምንድነው

ከጉልበት በታች ያለው ትልቁ አጥንት አለ አይደል፣ አገዳ ሚባለው። የሱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ ከመሀል ወደ ቁርጭምጭሚት ባለው ክፍል፣ አጥንቱና አጥንቱን የሸፈነው ስስ ሽፋን ከአቅሙ በላይ ጫና ሲደጋገምበት ይቆጣል። ብርድ አይደለም፣ ንፋስም አልገባበትም። ስትሮጡ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬቱ የሰውነታችሁን ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ መልሶ ይመታችኋል፣ አምስት ኪሎ ማለት ደሞ ከ5,000 በላይ እርምጃ ነው። አጥንት ይሄን ሲቀበል መጀመሪያ የተጎዳውን እያፈረሰ ከዛ አጠንክሮ ይሰራዋል፣ ልክ የፈረሰ ግድግዳ እንደሚጠግን ግንበኛ። ችግሩ ግንበኛው ማፍረሱን ጨርሶ መገንባት ሳይጀምር እናንተ በማግስቱ ተመልሳችሁ መምጣታችሁ ነው።

እዚ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ትንፋሽ ቶሎ ነው ሚለምደው። ሁለት ሶስት ሳምንት ስትሮጡ ማለክለኩ ይቀንስላችኋል፣ "ኧረ ለካ ሯጭ ነኝ" ትላላችሁ፣ ትጨምራላችሁ። አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ስለዚ ሳምባ እሺ ያለውን አጥንት እሺ አላለም፣ እና ህመሙ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሩጫው መጣፈጥ ሲጀምር ነው። አዲስ ገቢ ወታደሮችና የፖሊስ ሰልጣኞች ላይ ይሄ ህመም የሚበዛውም በዚሁ ነው፣ ከቤቱ ወጥቶ በአንዴ ቀኑን ሙሉ ሰልፍና ሩጫ ሲሆን።

መጀመሪያ፦ እውነት እሱ መሆኑን እዩ

ይሄን ደረጃ አትዝለሉት፣ ሌላ ነገር ሆኖ ከተገኘ ከዚ በታች ያለው ሁሉ አይሰራም።

ቁጭ በሉና አውራ ጣታችሁን ከቁርጭምጭሚት በላይ የአጥንቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ እየተጫናችሁ ወደ ላይ ሂዱ። የሚያመው ቦታ ሰፋ ያለ ከሆነ፣ ማለት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ሚሆን፣ ሶስት አራት ጣት ቢጋደምበት ሚሸፍነው ያህል፣ እና ሩጫ ስትጀምሩ ያማችሁና ሲሞቃችሁ ቀነስ ብሎ ከጨረሳችሁ በኋላ ወይ በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ከመጣ፣ ሺን ስፕሊንት የመሆን እድሉ ትልቅ ነው።

ህመሙ ግን አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ በአንድ ጣት "እቺጋ" ብላችሁ ምታሳዩት፣ ስትነኩት ዘላችሁ ምትነሱ ከሆነ፣ ሌሊት ተኝታችሁ ሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ በዛ እግር ብቻ አንዴ መዝለል ካቃታችሁ፣ ያ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ሩጫ በቃ፣ ሀኪም ጋር ሂዱ። እዚ ጋር አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እንደዚ አይነት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ሳምንታት በተራ ራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም። "ራጅ ተነስቼ ምንም የለም አሉኝ" ብሎ በሳምንቱ መሮጥ የጀመረ ሰው አውቃለሁ፣ በኋላ በክራንች ነው ያየሁት። ራጁ ንፁህ ሆኖ ህመሙ ያው ከሆነ ኤምአርአይ ይሻላል፣ ዋጋው ኪስ ይጎዳል፣ አቅም ከሌለ ግን ስንጥቅ እንዳለ ቆጥራችሁ ማረፍና ሀኪሙ ጋር ተመልሶ መታየት ነው።

ሌላው፣ ሮጥ ሮጥ ካላችሁ በኋላ ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት አካባቢ እግራችሁ እንደ ድንጋይ ሚወጠር፣ መርገጫችሁ ሚደነዝዝ ወይ ጣታችሁን ወደ ላይ ማንሳት ሚያቅታችሁ፣ ስታቆሙ ደሞ ሚለቃችሁ ከሆነ እሱ የጡንቻ ክፍል ውስጥ ግፊት መጨመር ነው ሊሆን ሚችለው፣ ሀኪም ይየው። ባቱ አንድ እግር ላይ ብቻ አብጦ ሞቆ ካመመ ግን፣ በተለይ ረጅም መንገድ በመኪና ከሄዳችሁ፣ ቀዶ ጥገና ወይ ወሊድ በቅርብ ካለ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል የዛኑ ቀን ሆስፒታል ነው፣ አትሹት።

በእግር ብዙ ምትሄዱ ሰዎች ደሞ ህመሙ ውስጠኛው ጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ወጣ ብሎ ያለችው ጡንቻ ላይ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ዳገት በፍጥነት ስትወጡ ወይ ቁልቁለት ስትወርዱ። እሱ እግርን ወደ ላይ ሚያነሳው ጡንቻ ደክሞ ነው፣ ቶሎ ይሻላል፣ ህክምናውም ብዙም አይለይም።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ሩጫ አቁሙ። አልጋ ላይ ውጡ ግን አላልኩም። ሙሉ በሙሉ ሲተኛ ህመሙ ይጠፋል፣ አጥንቱም ጡንቻውም አብሮ ይደክማል፣ ከዛ ስትመለሱ ያው ቦታ ላይ ነው ምትወድቁት። መለኪያው ህመሙ ራሱ ነው። ከ0 እስከ 10 ስጡት፣ 0 ምንም፣ 10 ማይቻል። ስትራመዱ ከ2 ካላለፈና በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ መራመድ ይቻላል። ካለፈ መንገዱን አሳጥሩት፣ ባጃጅ ያዙ፣ ለሁለት ሳምንት አትሰሱ።

በረዶ ያስታግሳል፣ አያድንም ግን ህመሙን ያበርደዋል። ፍሪጅ ያላችሁ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ (ጫፉ ድረስ አትሙሉት፣ ይፈነዳል) በረዶ አድርጉትና በስስ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሶስቴ። በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉት። መብራት በጠፋ ቁጥር በረዶው ስለሚቀልጥ እኛ ጋር ይሄ ሁሌ አይሳካም፣ እኔ ጠዋት ከሮቶ የሚቀዳውን ውሃ ነበር ባልዲ ውስጥ እግሬን ምነክርበት፣ በጥቅምት ጠዋት የቱሉ ዲምቱ ውሃ ከበረዶ አይተናነስም። ስኳር ያለባችሁና እግራችሁ ሚደነዝዝ ሰዎች ግን በረዶውን ተዉት፣ ሳይሰማችሁ ቆዳችሁን ሊያቃጥለው ይችላል።

መድሃኒት ላይ፣ አይቡፕሮፌን ወስዶ መሮጥ ሚባል ነገር አለ፣ እባካችሁ። ህመሙ ነው እኮ ቁም ሚላችሁ፣ እሱን አፍናችሁ ስትሮጡ ከዛ ሚቀጥለው ስንጥቅ ነው። ጨጓራ ወይ ኩላሊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ ፋርማሲ ስለሸጠለት ብቻ መዋጥ የለበትም። እንቅልፍ ከከለከላችሁ ፓራሲታሞል ይበቃል፣ ፓራሲታሞልም እንቅልፍ ማያስተኛችሁ ከሆነ ደሞ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሱና ስለ ስንጥቅ ያልኩትን በድጋሚ አንብቡ።

መታሸት? ባቱን አዎ፣ አጥንቱን አይሆንም። ወጌሻዎችን ልሰድብ አይደለም፣ ወለምታ ላይ እጃቸው የተባረከ አሉ፣ ግን የተቆጣ አጥንትን በአውራ ጣት መፈግፈግ ቁስል ላይ ጨው ነው። ባታችሁ ተወጥሮ ከሆነ መሬት ቁጭ ብላችሁ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ባታችሁ ስር አስገብታችሁ ወደፊት ወደኋላ አንከባሉት፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የፈረንጆቹ ሮለር ሚባለው ሚሰራውን ይሰራል። ዋግምት ምናምን ሚሉም አሉ፣ ለዚ አጥንት ምንም አይጨምርለትም።

ትንፋሻችሁ እንዳይጠፋ ሳይክል ጥሩ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ሳይሆን ጂም ውስጥ የቆመውን። ዋናም እንዲሁ፣ ግን ከኛ ሰፈር ገንዳ ፍለጋ መሄድ ራሱ ግማሽ ቀን ነው።

ሶስተኛ፦ እግሩን ማጠንከር

እንደኔ እንደኔ ዋናው ነገር እዚ ነው፣ ሰው ግን ከሁሉ አብልጦ ሚዘለውም ይሄንን ነው፣ ስለሚሰለች። ህመሙ ስትራመዱ ከጠፋ ወይ ከ2 በታች ከወረደ ጀምሩ። በሳምንት ሶስቴ፣ ቀን እየዘለላችሁ። ጂም አያስፈልግም፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምትኖሩ ደረጃ ሞልቷል፣ ግድግዳ አለ፣ በቃ።

በእግር ጣት መነሳት። የደረጃው ጫፍ ላይ በመርገጫችሁ ፊተኛው ግማሽ ቁሙ፣ ተረከዛችሁ አየር ላይ ይሁን፣ የደረጃውን ብረት ያዙ። ጉልበታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በሁለት ሰከንድ ወደ ላይ ተነሱ፣ በሶስት ሰከንድ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። መውረዱን አትቸኩሉበት፣ ጥቅሙ ያለው እዛ ነው። በሁለት እግር 12 ጊዜ፣ ሶስት ዙር። ይሄ ሲቀላችሁ በአንድ እግር፣ እና ቀስ በቀስ በአንድ እግር 20 ጊዜ እስክትደርሱ። 20 መድረስ ቀላል ይመስላል፣ ሞክሩት። እኔ መጀመሪያ ቀን በግራ እግሬ ሰባት ላይ ነው የቆምኩት፣ አምስት ኪሎ ምሮጠው ሰውዬ።

ያንኑ ጉልበት አጠፍ አድርጎ። ከባት ስር ጠለቅ ብሎ ሚገኝ ሌላ ጡንቻ አለ፣ ሩጫ ላይ ትልቁን ሸክም ሚሸከመው እሱ ነው፣ እና እሱን በደንብ ሚያገኘው ጉልበት ሲታጠፍ ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ጭናችሁ ላይ የጤፍ ከረጢት ወይ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለው ጀሪካን አስቀምጣችሁ ተረከዛችሁን እያነሳችሁ መልሱ። 15 ጊዜ ሶስት ዙር።

ግድግዳ ተደግፎ ጣት ማንሳት። ጀርባና መቀመጫችሁን ግድግዳ አስደግፉ፣ እግራችሁን አንድ ጫማ ያህል ወደፊት አውጡ፣ ተረከዛችሁ መሬት ላይ ሆኖ የእግራችሁን ፊት በሙሉ ወደ ላይ አንሱት። 20 ጊዜ፣ ሁለት ሶስት ዙር። ፊት ለፊት ያለውን ጡንቻ ያቃጥላችኋል፣ ያ ጥሩ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁም አጥር ካለ መስራት ይቻላል፣ ሰው ትንሽ ያያችኋል።

ዳሌም አለበት። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት፣ እያንዳንዱ 15 ጊዜ ሁለት ዙር። ዳሌ ሲደክም ጉልበት ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ እግርም አብሮት ወደ ውስጥ ይተኛል፣ ጫናው ዞሮ ዞሮ ያቺው አገዳ ላይ ነው።

አራተኛ፦ ወደ ሩጫ መመለስ

መቼ? ቀን መቁጠር አይደለም፣ ምልክት ነው። አንደኛ፣ በአውራ ጣት ስትጫኑት ካላመማችሁ ወይ በጣም ትንሽ ከሆነ። ሁለተኛ፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራምዳችሁ በማግስቱም ምንም ከሌለ። ሶስተኛ፣ በታመመው እግር ብቻ 10 ጊዜ ስትዘሉ ካላመማችሁ። ሶስቱም ካሉ ጀምሩ። ቀለል ያለው ሰው በሁለት ሶስት ሳምንት ይደርሳል፣ እንደኔ ያባባሰው ሁለት ወርና ከዛ በላይ ሊፈጅበት ይችላል።

አጀማመሩ እንዲህ ነው፣ 1 ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ይሄን ስምንት ጊዜ። በማግስቱ ሩጫ የለም። ሁለቴ ያለ ህመም ካለፋችሁ 2 ደቂቃ ሩጫ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ከዛ 3 በ1፣ ከዛ 5 በ1፣ ከዛ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ። እያንዳንዱን ደረጃ ሁለቴ ሳትሰሩ አትለፉ። ህመሙ ከ3 ካለፈ ወይ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ካለ፣ ሁለት ቀን አርፋችሁ አንድ ደረጃ ወደኋላ። 20 ደቂቃ ከደረሳችሁ በኋላ መጀመሪያ ቀን ወይ ደቂቃ ነው ሚጨመረው፣ ፍጥነትና ዳገት መጨረሻ ላይ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትጨምሩ። በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምሩ ሚባለው ነገር ህግ አይደለም፣ ግን መጨመር ለሚጣፍጠው ሰው እንደ ልጓም ጥሩ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይሄ ሁሉ አሰልቺ ነው። 1 ደቂቃ ሮጠህ ቆመህ ስትራመድ የሰፈር ልጆች "ጋሼ ደከመህ እንዴ" ይላሉ። ይበሉ።

የት ልሩጥ፣ በምን ጫማ

አትሌቶቻችን ሱሉልታ ሳር ላይ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሲሰሩ አይታችሁ ከሆነ አንድ ነገር ታያላችሁ፣ ኢዚ (ቀላል ልምምድ) ባሉ ቀን እውነትም ኢዚ ነው፣ አንዱ አንዱን ተከትሎ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ በዝግታ። አስፋልት በሳምንት የተወሰነ ቀን ብቻ ነው፣ ቀሪው ጫካ፣ ሜዳና ኮረኮንች ነው። እኛ አማተሮቹ ግን ሰባቱንም ቀን አስፋልት፣ ሰባቱንም ቀን ጉሮሮ እስኪደርቅ። እነሱ በዓመታት የሰሩት አጥንት ይዘው ይጠነቀቃሉ፣ እኛ በሁለት ሳምንት አጥንት እንደነሱ ውድድር ቀን እንሮጣለን።

እኛ ሰፈር ያለው ችግር መሬቱ ራሱ ነው። ጥቁር አፈር ነው፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ስር ተጣብቆ እግራችሁን ሁለት ኪሎ ያደርገዋል፣ በበጋ ደሞ ተሰንጥቆ ቁርጭምጭሚት ይበላል። ኮብልስቶኑ ለሩጫ ከሁሉም የባሰ ነው፣ በእያንዳንዱ እርምጃ እግር ይንጋደዳል። ስለዚ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ህዳር ያለው ጊዜ፣ መሬቱ ደርቆ ግን ገና ሳይሰነጠቅ፣ ያልታጠረ የሳር ሜዳ ካገኛችሁ ተጠቀሙበት። ካልሆነ የተጠቀጠቀ የገረጋንቲ መንገድ። አስፋልት ላይ ስትሆኑ ጠርዙ ወደ ቦይ ስለሚያዘነብል ሁሌ በአንድ ጎን ስትሮጡ አንዱ እግር ዝቅ ብሎ ነው ሚረግጠው፣ ደህና መንገድ ካለ በሄዳችሁበት በዛው ጠርዝ ተመለሱ፣ ስትመለሱ ዝቅ ብሎ ሚረግጠው ሌላኛው እግር ይሆናል። እና ገና ሳይነጋ ብቻችሁን አትውጡ፣ እኛ ጋር ጅብ ቀልድ አይደለም፣ ውሻም እንደዛው።

ጫማ ላይ፣ አንድ የሩጫ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው ሚያገለግለው፣ ከላይ አዲስ ቢመስልም ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሞቷል። በሳምንት 20 ኪሎ ለሚሮጥ ሰው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ማለት ነው። ሰልባጅ ስትገዙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከኋላ እዩት፣ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ከተጋደመ ተዉት፣ የሌላ ሰው አረጋገጥ ነው ምትገዙት። ሶሉን በአውራ ጣት ተጫኑት፣ እንደ እንጨት ከደረቀ አይሆንም። ፎርጂዱ ደሞ ሲታይ ቆንጆ ነው፣ ስፖንጁ ግን ወር አይቆይም። እኔ ብሆን ከአዲስ ፎርጂድ ደህና ሰልባጅ እመርጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ግዙ፣ እግር ወደ ማታ ትንሽ ያብጣል፣ ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይኑረው። እግራችሁ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ማለት እርጥብ እግራችሁን ሲሚንቶ ላይ ስትረግጡ ሙሉ መርገጫው ከታተመ፣ ከውስጥ ደገፍ ሚያደርግ ሶል መሞከር ይቻላል፣ ለአንዳንዱ በደንብ ይሰራል።

"አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ የሮጠው" ሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ። ግን እሱ በባዶ እግሩ ተለማምዶበት ነው የሄደው፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደሞ ጫማ አድርጎ አሸንፏል። ከቢሮ ጫማ ወጥቶ በአንድ ቀን ባዶ እግር ማለት ሌላ ነገር ነው።

አረጋገጥ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩት። እግራችሁ ከሰውነታችሁ ርቆ ከፊት ሲያርፍ ፍሬን እንደመያዝ ነው፣ ያ ሁሉ ምት አገዳ ላይ ይወጣል። ስትሮጡ በ30 ሰከንድ ውስጥ ቀኝ እግራችሁ ስንት ጊዜ መሬት እንደነካ ቁጠሩና በአራት አባዙት፣ የደቂቃ እርምጃችሁ እሱ ነው። 160 ከሆነ ፍጥነቱን ሳትጨምሩ 168 አድርጉት፣ 5 በመቶ። መጀመሪያ ላይ እንደ ዶሮ ምትሄዱ ይመስላችኋል፣ በሁለት ሳምንት ይለመዳል።

ምግብ፣ በአጭሩ

ጾም ላይ ጠዋት ሮጠው እስከ 9 ሰዓት ምንም ማይቀምሱ ሰዎች አሉ። ጾሙን አልነካም፣ ግን በነዛ ሳምንታት ሩጫውን ወደ ማታ፣ ከምግብ በኋላ አድርጉት፣ ወይ ቀንሱት። አጥንት ሚሰራው ከምትበሉት ነው። ጤፍ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ ካልሲየም አላቸው፣ ሽሮና ምስሩ ፕሮቲን ነው፣ ፀሀይ ደሞ ቫይታሚን ዲ፣ ነፃ ነው። ሴቶች፣ ሩጫ ከጨመራችሁ ወዲህ የወር አበባ ከቀረባችሁ "ስፖርት ስለሰራሁ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ሰውነታችሁ ምግብ አንሶት አጥንታችሁን እየበላ ሊሆን ስለሚችል ሀኪም ጋር ሂዱ።

ለማትሮጡ፣ በእግር ብቻ ለምትሄዱ

ስኳር ወይ ደም ግፊት ተገኝቶባችሁ "እርምጃ አድርጉ" የተባላችሁ እናቶችና አባቶች፣ በየመንደሩ በነጠላ ጫማና በደረቅ ሶል ጫማ አንድ ሰዓት ሲሄዱ አያለሁ፣ በሳምንቱ ቅልጥም አመመኝ ተብሎ ይተዋል። ከ15 ደቂቃ ጀምሩ፣ ቀን እየዘለላችሁ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ። መጀመሪያ ሜዳ፣ ዳገትና ቁልቁለት በኋላ። ስኒከር ይሁን፣ ቤት ስትመለሱ የእግራችሁን ስር እዩ፣ ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ሳይሰማው ሊኖር ይችላል።

ሌላ ሰው ማይቆጥረው ጫና አለ። ውሃ ጠፍቶ 25 ሊትር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ያወጣችሁ ቀን፣ ታክሲ ጠፍቶ በቢሮ ጫማ ሶስት ኪሎ የሄዳችሁ ቀን፣ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ የዋላችሁ ቀን፣ አገዳችሁ ስፖርት ሰርቷል። እንደዛ አይነት ቀን ማታ ላይ ፕሮግራም ነው ብላችሁ አትሩጡ፣ ወደ ነገ ይለፍ።

ህዳር ደርሶ ገና እያመማችሁ ከሆነ

ቲሸርቱ ተገዝቷል፣ ሰው ይጠብቃችኋል፣ ይገባኛል። አንድ ነጥብ ላይ ሚያም ከሆነ ወይ ሲዘሉ ሚያም ከሆነ ቅሩ፣ በቃ። ሰፋ ያለው አይነት ሆኖ 3 እና ከዛ በታች ከሆነ በእርምጃ ሂዱት፣ እዛ ከሚሄደው ሰው ብዙው እየጨፈረ ነው ሚራመደው፣ ማንም አያይባችሁም። ቁልቁለት ላይ ሰዉ ሲንደረደር አብራችሁ እንዳትንደረደሩ፣ አገዳን ሚጎዳው ከዳገቱ ይልቅ እሱ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ ሶስት አራት ቀን እርምጃ ብቻ፣ ማታ ማታ የበረዶ ሃይላንዱ፣ በአምስተኛው ቀን ወደ ሩጫ መመለስ ላይ ያልኳቸውን ሶስት ምልክቶች እዩና ሶስቱም ካሉ ከ1 ደቂቃ ሩጫ 2 ደቂቃ እርምጃው ላይ ጀምሩ።